የታለፉት ገጾች

ጠዋት ተነስቼ ግቢውን ጠረግሁ። ውኃ የሚለቀቅበት ቀን ስለነበር ጄሪካኖቹን ሞልቼ በረንዳው ላይ ደረደርኳቸው። ከትናንት የተረፈውን ዳቦ በሻይ በላሁና የተማሪዎቼን የጂኦግራፊ ፈተና ማረም ጀመርኩ። የመንፈቅ ዓመት እረፍት ነው። ከሰቆጣ ዙሪያ ለገበያ የሚመጡ ሰዎች አህዮቻቸውን እየነዱ በአጥሬ ሥር ያልፋሉ።

ረፋዱ ላይ በሩ ተንኳኳ። የጎረቤቴ የመስታወት ልጅ ፅዮን ናት፤ ዩኒቨርሲቲ ኮምፒውተር ታጠናለች። ከኋላዋ ነጭ በትር የያዘ ረጅም ወጣት ቆሟል።

«እትዬ እስከዳር፣ ምትኩ ይባላል። የጋዝጊብላ ልጅ ነው። ሕግ ነው የሚያጠናው።»

«ሕጉን የማጠናው እኔ፣ የምትከራከረው ግን እሷ» አለ ምትኩ፣ እጁን ወደ ድምፄ እየዘረጋ።

የመጡበትን ጉዳይ ነገሩኝ። የፅዮን የመመረቂያ ሥራ የመጽሐፍ ገጽ ፎቶ አንስቶ ማየት ለተሳነው ሰው በአማርኛ የሚያነብ የስልክ ፕሮግራም ነው። ሐሳቡን ያመጣው ምትኩ ነው፤ እሷ ትሠራለች፣ እሱ ይፈትናል፣ የማይረባውን ይጥላሉ። ስልኩ ማንበቡንስ ያነባል፤ ግን ርዕሱን፣ የገጹን ቁጥርና የግርጌ ማስታወሻውን ሳይለይ በአንድ ትንፋሽ ያወርደዋል። ስለዚህ ጥሩ አንባቢ እንዴት እንደሚያነብ ቁጭ ብለው ማየት ፈለጉ። መስታወት ወደ እኔ ላከቻቸው።

ባለቤቴ ደረሰ ዓይነ ስውር ነበር። የተዋወቅነው ዩኒቨርሲቲ ነው። ለዓይነ ስውራን ተማሪዎች በፈቃዳቸው የሚያነቡ ሲፈለጉ ተመዘገብኩ፤ ለእሱ መደቡኝ። ተመርቀን፣ ተጋብተን፣ እዚህ መጥተን አንድ ትምህርት ቤት ስናስተምርም ንባቡ አልቆመም። እሱ ከሞተ ወዲህ ግን ድምፄን አውጥቼ አንብቤ አላውቅም። ክፍል ውስጥ እንኳ መጽሐፉን ለተማሪ ሰጥቼ አስነብባለሁ።

አልችልም ልላቸው ነበር። ምትኩ ግን ወንበሩን በእጁ ዳብሶ ተቀመጠና አገጩን በትሩ ላይ አሳርፎ ጠበቀ። ሰው እንዲህ ሊሰማኝ ተዘጋጅቶ ካየሁ ቆይቷል።

ስለ ዋግ የድሮ የመሬት ሥሪት የሚተርክ አንድ መጽሐፍ ከመደርደሪያው አወረድኩ። ፅዮን ገጾቹን አንድ በአንድ ፎቶ አንስታ ላፕቶፗ ላይ ከፈተቻቸው። እሷ በዚያ እየተከታተለች እኔ ከመጽሐፉ አነበብኩ፤ መጀመሪያ እየተደናቀፍኩ፣ ቆይቶ ምላሴ ተፈታ። ሁለት ወንድማማቾች በአንዲት ወይራ ሲካሰሱ የሚያረጁበት ቦታ ስደርስ ምትኩ ጮክ ብሎ ሳቀ።

«ይሄማ የኛ ሰፈር ነው!»

«እዚህ ካርታ አለ» አልኩት። «ተከዜ እንደተጣለ ገመድ ተጠማዝዟል።»

«ስልኩ እኮ ካርታ ሲያይ ዝም ነው የሚለው» አለች ፅዮን እየጻፈች። ትንሽ ቆይታ ደግሞ ቀና አለች። «እትዬ፣ ሁለት ገጽ አልፈዋል።»

ተመልሼ አየሁ። እውነቷን ነው። ማን ማንን እንደወለደ የሚዘረዝረው ክፍል ነበር። ደረሰ እዚያ ስንደርስ «እለፊው፤ የሰው ዘር ስንቆጥር ይመሽብናል» ይለኝ ነበር። በኋላ በኋላ ሳይነግረኝም እጄ ራሱ ይገልጠዋል።

«ይቅርታ፣ ልማድ ሆኖብኝ ነው።»

«እኔ ግን ያማረኝ እሱ ነው» አለ ምትኩ። «አያቴ ከእነዚህ ካንዱ እንወለዳለን ትላለች። ውሸቷን እንደሆነ እስቲ ልያዛት።»

«አለቀልን! ባላባት ነኝ ሊል ነው» አለች ፅዮን።

«ዝም ብለሽ ጻፊ፣ ጭሰኛ!»

ሁለቱን ገጾች አነበብኩ። ስሞቹ ለምላሴ እንግዳ ነበሩ። ምትኩ በኽምጣና አፉን የፈታ ስለሆነ እየሳቀ ያርመኛል። የሚሰማኝ ሌላ ሰው መሆኑን በደንብ ያወቅሁት ያኔ ነው። ማንበቤን ግን አላቆምኩም።

«እለፊው ያለዎት ማን ነበር?» አለች ፅዮን በኋላ።

«ደረሰ።»

መጻፏን አቋርጣ ወደ ምትኩ ዞረች። «እንግዲያው ይመርጥ የነበረው ሰሚው ነው። እኛ ደግሞ ስልኩ ምኑን ይተው እያልን ስንጣላ ከረምን።»

«እኔ ስናገር የት ነበርሽ?» አለ ምትኩ።

ያን ሳምንት በየቀኑ መጡ። እሷ ታስተካክላለች፣ እሱ ይፈትናል፣ እኔ አነባለሁ። የማነበውን ከጠዋት ጀምሬ እመርጥ ጀመር። ምትኩ ብርድ አይወድም፤ ወንበሩን ፀሐይ ወደሚገባበት አዞርኩለት። ሥራቸው ባያልቅ እያልኩ እመኝ ነበር። ይህን ለማንም አልነገርኩም።

በመጨረሻው ቀን ያነበበው ስልኩ ነው። ከርዕስ በኋላ ያርፋል። ካርታው ላይ ሲደርስ «ካርታ አለ» አለ። ከዚያ ደግሞ «የዘር ዝርዝር ይጀምራል፤ ይነበብ ወይስ ይታለፍ?» ብሎ ጠየቀ።

«ይነበብ» አለ ምትኩ።

ምዕራፉ እስኪያልቅ ድረስ ወደ እኔ አልዞረም። ሲያልቅ ፅዮን ተነስታ አንገቴን አቀፈችኝ።

«እትዬ፣ ከእንግዲህ አላስቸግርዎትም» አለ ምትኩ። «እስከዛሬ ሰው እየለመንኩ ነው የተማርኩት። አንባቢዬን ጉንፋን ከያዘው እኔ ፈተና ወደቅሁ ማለት ነው። ፍቅር ከያዘውማ አይጣል ነው!»

ሁላችንም ሳቅን። አስቸግረኝ ልለው ፈልጌ ነበር። «እግዚአብሔር ይመስገን» አልኩ፤ ከልቤም ነው። መጽሐፉን አንስቼ ሰጠሁት። «ውሰደው፣ ለአያትህ አስነብብላት።»

«ስልኩን ጠበል ነው የምትረጭብኝ!»

«ስምዎን ምስጋናው ላይ እናስገባለን» አለች ፅዮን።

«ምስጋና ማን ያነባል? ደረሰ እሱንም ያስዘልለኝ ነበር።» ስሙን በሰው ፊት እየሳቅሁ ስጠራ የመጀመሪያዬ ነበር።

በማግስቱ ወደ ዩኒቨርሲቲያቸው ተመለሱ። ከቀናት በኋላ አንድ ከሰዓት ሌላ መጽሐፍ አውጥቼ ጮክ ብዬ ጀመርኩ። አንድ አንቀጽ ጨርሼ ቆምኩ፤ ቀጥይ የሚለኝ አልነበረም። ትናንት ፅዮን ደወለች። ሌሎች ማየት የተሳናቸው ተማሪዎችም ፕሮግራሙን መሞከር ጀምረዋል፤ ምትኩም ሰላም ብሎኛል። ደስ ብሎኛል።

አሁን የማነብለት ሰው የለኝም።