አንድ እፍኝ ጓያ

እሌኒ ባሕር ዳር ከሚገኝ ላቦራቶሪ ተቀምጣ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የመረመረችው ጓያን ነው። ጓያ በክፉ ቀን ሆድ ሞልቶ እግር የሚሰብር እህል ነው፤ የሰበረውን እግር የሚያቃና ሐኪም ደግሞ እስካሁን አልተወለደም። ስለዚህ እሷ ሰዉን ትታ እህሉን ልታክም ተነሣች። በየዓመቱ መርዙ ያነሰውን ፍሬ እየለየች፣ መልሳ እየዘራች፣ በመጨረሻ ሁለት ቁና ንጹሕ ዘር አገኘች።

አንዱን ቁና ጓድ ኃላፊዋ ለአሥረኛው የአብዮት በዓል ኤግዚቢሽን አዲስ አበባ ወሰዱት። በጠርሙስ ሆኖ ተጨበጨበለት፤ በዚያው ቀረ። ሌላውን ደቅ ደሴት ለሚያገለግሉት አባቷ፣ ለመሪጌታ ወልደ ገብርኤል፣ ወደብ ድረስ ወርዳ ሰጠቻቸው።

«ይህ እግር አይሰብርም፣ አባባ። ግን እንዳይበሉት። ከሌላ ጓያ አርቀው ለብቻው ይዝሩልኝ።»

«እሺ ልጄ» አሉ። ከነገረቻቸው ሁሉ ልባቸው ውስጥ የገባው የፊተኛው ቃል ብቻ ነበር።

ያ ዓመት ሰባ ሰባት ነው፤ እህል የጠፋበት ዓመት። በሚያዝያ እሌኒ ዘሯን ልታይ በሳምንቱ ጀልባ ተሻገረች። አባቷ በሁለት መቋሚያ ተደግፈው፣ ጉልበታቸው እየተጋጨ፣ በጣታቸው እየረገጡ ደጃፍ ድረስ ወጥተው ተቀበሏት። ያን አረማመድ ከማንም በላይ ታውቀዋለች። ጎረቤታቸው ክንዱም ከአጥሩ ማዶ በምርኩዝ ቆሟል።

«ዘሩንስ፣ አባባ?»

«ሰው እየራበው ለብቻዬ ልደብቀው? ለየቤቱ አንድ አንድ እፍኝ አደረስሁ። ሁሉም ከጎታው ጓያ ጋር ቀላቀለው። ጠበል በእንስራ ውኃ ላይ ጠብ ሲል ሁሉንም ጠበል ያደርገው የለ? ድሮ እየፈራን፣ ዘፍዝፈን፣ ከገብስ ቀይጠን ነበር የምንበላው። ዘንድሮ ልጄ አይሰብርም ብላለች አልኋቸው። ያለ ሥጋት በላን።»

እሌኒ መሬት ላይ ቁጭ አለች። እስከዚያ ቀን ያቆማቸው ፍርሃታቸው ነበር፤ እሱን የወሰደችባቸው እሷ ናት። የዘጠኝ ዓመት ልፋቷም በየጎታው ተቀይጦ፣ ተፈጭቶ ተበልቷል።

«ስንት ሰው ነው?»

«ከእኔ ጋር ዐሥራ ስምንት።»

«ከእንግዲህ አትብሉት፣ አባባ።»

«ታዲያ ምን እንብላ?»

ቢቆጧት፣ ቢረግሟት በስንት ጣዕሙ። እሳቸው ግን መቋሚያቸውን አስተካክለው በፍቅር አዩዋት።

«አይክፋሽ፣ ጥፋቱ ያንቺ አይደለም። እፍኙ አነሰ። ለመጪው ዓመት ጨመር አድርገሽ ላኪልን፤ አገሩ ሁሉ አንቺን ነው ተስፋ የሚያደርግ።»

ክንዱም ከአጥሩ ማዶ «እውነት ነው» አለ።

«እሺ አባባ» አለች እሌኒ። የምትልከው አንዲት ፍሬ እንኳ አልነበራትም።