አሥራ አራተኛው

ሮስቪታ ኩባያውን ልታነሣ እጇን ስትዘረጋ ሄኒንግ አንጓዋን ያዘ። አያያዙ ለስላሳ ነበር፤ ሆኖም አልለቀቃትም።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ስድስተኛው እሱ ነው» አላት።

ባሏ ፎልክማር ከሞተ አምስተኛ ቀኑ ነው። አስከሬኑ ገና አልተቃጠለም፤ አመዱ የሚቀበረው በሚቀጥለው ሳምንት ነው። ከፉልዳ ወንዝ የተነሣው የኅዳር ጉም የካስል ከተማን ጣሪያዎች ውጦ ሦስተኛው ፎቅ መስኮት ላይ ተለጥፏል። ሄኒንግ የሟቹ ረዳት ነበር። ዕድሜውን በፍልስፍናና በሥነ ጥበብ መካከል የፈጀው ሰው የመጨረሻ ሥራውን በአደራ የተወው ለእሱ ነው። የኑዛዜው ቃል አጭር ነበር፦ በሞትሁበት ቀን በጥናት ክፍሌ የተገኘው ሁሉ ሳይነካ ይቆይ። ኩባያውም፣ ከሥሩ የደረቀው ሻይም ከኑዛዜው ጋር ባያያዘው ባለቁጥር ዝርዝር ገብተዋል። ዓርብ የሙዚየም ሰዎች መጥተው ክፍሉን ይረከባሉ።

ለቅሶ ደራሾቹ የሐዘን ካርዳቸውን በመተላለፊያው ጠረጴዛ ላይ አኑረው እስከ ክፍሉ ደፍ ይመጣሉ፤ ደፉን ግን አያልፉም። እሷ በመስኮቱ አጠገብ በወትሮው ወንበሯ ተቀምጣለች። እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ያዩአታል፤ ጥቂት ይንሾካሾኩና ይሄዳሉ። ለሐዘኗ የተጠነቀቁ መስሏት ነበር።

በዚያ ወንበር መቀመጥ ከጀመረች ሁለት ዓመት ሆኗታል። ከቀኑ አሥር ሰዓት ሲሆን ይጠራታል። «ትንሽ ወደ ብርሃኑ፣ ሮሲ» ይላትና ብዕሩን አስቀምጦ ያያታል። ከአርባ ዓመት ትዳር በኋላ ዓይኑ ወደ እሷ የተመለሰ መስሏት፣ የሚወደውን ሰማያዊ ሹራብ መልበስ ጀምራ ነበር። ለተማሪዎቹ የሚነግራቸውንም ከዚያው ሆና ሰምታለች፦ «ዕቃ፣ ዕቃ የሚሆነው ስንገለገልበት ነው። መገልገል የተውን ዕለት የጥበብ ሥራ ይሆናል።»

«ዓርብ ሰዎቹ ሲመጡ እኔ የት ልሁን?» ስትል ወደ ወንበሯ ተመልሳ እየተቀመጠች ጠየቀችው።

ሄኒንግ ዓይኑን ሰበረ። «እዚያው ቢሆኑ ይሻላል።»

የዝርዝሩን ወረቀት ሰጣት። የባሏ የእጅ ጽሑፍ ነው። በአሥራ አራተኛው ቁጥር ላይ «ሮስቪታ፤ በመስኮቱ አጠገብ፤ እየጠበቀች» ይላል። ቀኑን አየች። ወንበሩን ለመጀመሪያ ጊዜ ያቀረበላት ሳምንት ነው።

«እስከ መቼ?»

«እሱን አልጻፈም።»

ከወንበሩ መነሣት መቻሏን ለአፍታ ተጠራጠረች።

በዚህ መካከል ከታችኛው ፎቅ ወይዘሮ ፔትሽ የቅቤ ኬክና ፔርሙስ ይዛ፣ የቤት ጫማዋን እየጎተተች መጣች። ሄኒንግ ከደፉ እንዳታልፍ ለመናት።

«አንተ ልጅ፣ እኔ ለቅሶ ነው የመጣሁት፤ ኤግዚቢሽን አይደለም» ብላው ገባች። ወደ ሮስቪታም ዞረች። «አንቺስ እንደ ሐውልት ደርቀሽ የተቀመጥሽው ምን ሆነሽ ነው? ዛሬ እህል ቀምሰሻል? ኩባያ የለም እዚህ ቤት?»

ሮስቪታ የወንበሩን ክንድ ተደግፋ ተነሣች። ሁለት እርምጃ ነበር። ኩባያውን ከጠረጴዛው ላይ አነሣችው፤ በነበረበት ቦታ ከአቧራው መካከል ንጹሕ ክብ ቀረ።

«አምጪው ላጥብልሽ፤ ደርቆበታል» አለች ጎረቤቷ።

«አይታጠብ» አለች ሮስቪታ። «ቅጂልኝ።»

ትኩሱ ሻይ በደረቀው ላይ ወረደ። ሮስቪታ ኩባያውን በጣቶቿ ቀስ እያለች አዞረችው፤ የባሏ የከንፈር ምልክት ያለበትን ስታገኝ፣ በዚያው ጠጣች።