ህዳር ሲታጠን እና የሐር ትሎቹ

ፍረወይኒ ለሐር ትሎቿ ምግብ የተላከላትን የጉሎ ቅጠል ተቀብላ ከላምበረት መናኸሪያ ስትወጣ ጢስ አፍንጫዋን ሰነፈጣት። ቤቷ ባለበት በለሚ ኩራ በኩል ሰማዩ ጠቁሯል።

«ምን ተቃጥሎ ነው?» አለችው የተሳፈረችበትን ታክሲ ሾፌር።

«ምን ነካሽ እህቴ፣ ዛሬ እኮ ህዳር አሥራ ሁለት ነው!»

ከተማው በሽታ ይውጣ ብሎ ቆሻሻውን በየደጁ የሚያቃጥልበትን ቀን፣ ሕፃን የሚያውቀውን ቀን፣ እሷ ግን ረሳችው። ምርምሯን የሚደግፈው ድርጅት ቀን የሚቆጥረው እንደ ፈረንጅ ነው፤ እሷም ሦስት ዓመት ሙሉ ከኖቬምበርና ከዲሴምበር ጋር ስትኖር አገሯን ዘንግታለች። መማር አንዳንዴ እንዲህ ያደርጋል።

የድርጅቱ ገምጋሚ ዛሬ ከአትላስ ሰፈር ይመጣል። አራት ሺህ የሐር ትሎቿ ድር መሥራት የሚጀምሩት በዚህ ሳምንት ነው፤ ካልጀመሩ ድጋፉ ይቆማል፣ ትሎቹን በገበሬ ቤት ለማርባት የታሰበው ምርምርም አበቃለት። ትል ደግሞ ጢስ አይችልም። ጠዋት አየር ያግኙ ብላ መስኮቱን ወለል አድርጋ ከፍታ ነው የወጣችው።

መንገዱ አላልቅ አላት። በየመታጠፊያው እሳት ይነዳል። «ቅዱስ ሚካኤል፣ በዕለትህ አታዋርደኝ» እያለች ሰዓቷን ታያለች።

ግቢው ስትደርስ አከራይዋ አቶ ዱባለ መስኮቷ ሥር የቅጠል ክምር ይቆሰቁሳሉ።

«ምነው ጋሼ፣ መስኮቱን እንኳ ቢዘጉልኝ!»

«ክፍሉን ማንም እንዳይነካ ብለሽ በር ላይ የለጠፍሽው አንቺ ነሽ፣ ልጄ።»

በሩን ከፈተች። ትናንት ትሎቹ ቅጠል ሲበሉ ከደጅ ይሰማ ነበር፤ አሁን ክፍሉ ጭጭ ብሏል። ትሪዎቹ ላይ ተልፈስፍሰው፣ አረንጓዴ ፈሳሽ ተፍተው ተኝተዋል። አንዱን በጣቷ ነካችው። አልተንቀሳቀሰም።

«ሞቱ?» አለ ከኋላዋ ገምጋሚው ኃይለኪሮስ። መቼ እንደገባ አላየችውም።

«ጢስ ነው» አለች ወደ እሱ ዞራ። «አደጋ ነው። ትሉ ገበሬው ቤት ሲገባ እንዲህ አይሆንም።»

አቶ ዱባለ በሩ ላይ ቆመው ትሪዎቹን አዩ፤ ከልባቸው አዘኑ።

«እኔ የወላይታ ገበሬ ልጅ ነኝ» አሉ። «እኛ ቤት እሳቱ መሐል ላይ ነው፤ ጢሱ ክረምት ከበጋ አይጠፋም። ይሄን ትል ታዲያ ለየትኛው ገበሬ ነው የምታረቢው?»

ኃይለኪሮስ ደብተሩን ገልጦ መልሷን ጠበቀ። ፍረወይኒ ግን የገበሬውን ቤት ጢስ በሦስት ዓመት ውስጥ አንድ ቀን እንኳ አስባው አታውቅም።