የጓድ ጌጡ የዩኒቨርሲቲ ምክር

ጌጡ ከዩኒቨርሲቲ የተመለሰው በገና ዋዜማ ነው። ከእሱ በፊት ከአገሩ ከቀየት ዩኒቨርሲቲ የገባ ሰው ስላልነበረ፣ ትምህርቱ ምን ያህል ጊዜ እንደሚፈጅ የሚያውቅ አልተገኘም። በመስቀል ማግሥት የሄደ ልጅ ለገና ሲመጣ አገሩ የተደነቀው በፍጥነቱ ነው። እናቱማ ዳዊት መድገም እንኳ ከዚህ የበለጠ ይወስዳል እያሉ በየደጁ ተናገሩ።

የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ጓድ ወልደ ጻድቅ ምነው ቶሎ መጣህ ብለው ሲጠይቁት፣ ጌጡ እናቱን አየና አንገቱን ደፍቶ፣ አብዮቱ ከወረቀት ይልቅ ሰው ስለሚፈልግ ወደ ሰፊው ሕዝብ ተላክሁ አለ። እውነቱ ግን በፈተና ወድቆ መባረሩ ነበር። ይህን የሚያውቁት እሱና እግዚአብሔር ብቻ ናቸው። እግዚአብሔርን ደግሞ በዚያ ዘመን በስብሰባ ላይ የሚጠይቀው አልነበረም።

ጓድ ወልደ ጻድቅ ጊዜ አላጠፉም። ከማዕከል የተማረ ካድሬ ተልኮልናል ብለው ለአውራጃው ሪፖርት አደረጉና ጌጡን የማኅበሩ ጸሐፊ አደረጉት። ጸሐፊነቱ ጠረጴዛና ማኅተም ነበረው። ከሁሉ በላይ ደግሞ ከብሔራዊ ውትድርና ያስቀር ነበር። የእድሜ እኩዮቹ በመኪና ተጭነው ወደ ሰሜን ሲሄዱ፣ ጌጡ ከመኪናው አጠገብ ቆሞ ስማቸውን ይጠራ ነበር።

ጸሐፊ ብቻ ሆኖም አልቀረ። ልጁ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ያለፈለት ወላጅ ሁሉ ዶሮም ማርም ይዞ ወደ ጌጡ ይመጣል፤ ዩኒቨርሲቲ ምን እንደሚመስልና እንዴት እንደሚያልፉበት ልጁን እንዲመክርለት ይለምናል። ጌጡም ይመክራል። የመከራቸው ልጆች ሁሉ ታዲያ ለገና ተባረው ይመጣሉ። ጸሐፊነቱ አንድ ቦታ ብቻ ስለሆነና እሱም ስለተያዘ፣ አብዮቱ እነሱን ወደ ግንባር ይልካቸዋል። አገሩም፣ ጓድ ጌጡ ምን ያድርግ፣ መክሮ ነበር፣ ያልሰሙት እነሱ ናቸው ይላል።

በዚህ መካከል የመሪጌታ ገብረየሱስ ልጅ ወንዳፈራሁ ፈተናውን አለፈና ኮምፒዩተር የሚባል ትምህርት ደረሰው። ወንዳፈራሁ ዓይነ አፋር ነው፤ ሰው ሲያናግረው ጫማውን ያያል፣ ጫማ ከሌለውም ጣቱን። መሪጌታ ይዘውት ወደ ጌጡ ቢሮ ሄዱ። ኮምፒዩተር ምን እንደሆነ ሲጠይቁ ጌጡ ጥቂት አሰበ። ስለ ኮምፒዩተር የሚያውቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ዩኒቨርሲቲ ሳለ "መግባት ክልክል ነው" የሚል በር አይቷል፣ ከበሩ ወዲያ ያ ነገር አለ ሲባልም ሰምቷል።

"ጥብቅ ነገር ነው" አላቸው።

ከዚያ ወደ ምክሩ ገባ። መምህሩ ሰሌዳ ላይ የጻፈውን ሁሉ ሳታጎድል ሸምድድ፣ ባይገባህም ሸምድድ አለው። የጠየቀ ሁሉ አላውቅም ብሎ ማመኑ ነውና ጥያቄ የሚባል ነገር ከአፍህ አይውጣ። ከሌሎች ጋር ተሰብስበህ አታጥና፣ አንጃ ይመስላል። ተሳስተህ የተመለሰልህን ወረቀት ለማንም አታሳይ። ማሽኑን አትንካ፣ የመንግሥት ንብረት ነው። መሪጌታ መሸምደዱን ወደዱት። አለመጠየቁ ግን አልጣማቸውም፤ በእኛ ጉባኤ ቤት የማይጠይቅ ደቀ መዝሙር እንደ ተኛ ነው የሚቆጠረው አሉ። ጌጡ ያ የድሮው ሥርዓት ነው ብሎ አሳለፈው። ዶሮዋን ግን ተቀበለ።

ወንዳፈራሁ ሄደ። ገና ሲደርስም ወሬ መጣ፤ የጨው ነጋዴ ጭነት መኪና ላይ ተሳፍሮ እየመጣ ነው ተባለ። እንደ ሌሎቹ የመባረሩ ደብዳቤ ስላልቀደመው፣ ጓድ ወልደ ጻድቅ እንደ ጌጡ ጨርሶ መጣ ብለው ደስታቸውን አልቻሉትም። አብዮቱ ሁለተኛ ሰው ላከልን ብለው የወጣት ማኅበሩን ኃላፊነት አዘጋጁለት፤ የሹመቱንም ነገር በገና ጨዋታው ሜዳ፣ ሕዝብ በተሰበሰበበት ሊያበሥሩ ቆረጡ።

ጌጡ ግን ነገሩን ያሰላ ጀመር። ልጁ ወድቆ ከሆነ እንደ ሌሎቹ ሊጫን ነው፤ ይህ በየዓመቱ እንቅልፍ የሚነሳው ነገር ነበር። አልፎ ከሆነ ደግሞ፣ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ያለፈ ሰው በአገሩ ታይቶ አያውቅም። ያለፈ ሰው ምን እንደሚያደርግ አገሩ ያየ ዕለት የጌጡ ነገር አበቃ። ከጠረጴዛው ጀርባ መቀመጥ ስላቃተው በቅሎ ለምኖ መኪናው የሚያወርድበት ድረስ ሄደ።

ወንዳፈራሁ ከጨው ጆንያ ላይ ወርዶ እጅ ነሣው። መንገዱን ጥቂት ከሄዱ በኋላ ጌጡ እንደ ዘበት፣ "እንዴት ሆነ ነገሩ?" አለው።

"ደኅና ነው፣ ጋሼ ጌጡ። አለፍሁ። ከጥምቀት በኋላ እመለሳለሁ።"

"እግዚአብሔር ይመስገን" አለ ጌጡ፣ ካድሬ መሆኑን ረስቶ። "እንደ መከርሁህ ነው የሠራኸው?"

ወንዳፈራሁ ጫማውን አየ። መጀመሪያ ላይ እንደተመከረው እንዳደረገ ነገረው። መምህሩ ሰሌዳ ላይ የጻፈውን የማሽን ትእዛዝ ሁሉ እንደ ውዳሴ ማርያም በቃሉ ይዞ ነበር። ፈተናው ሲመጣ ግን ሌላ ነገር ሥሩ ተባለ፤ እሱም የሸመደደውን ጻፈ፤ ዜሮ ሆነ። ማሽኑ ከመስታወት ወዲያ ቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ፣ ተማሪው በተበሳሳ ካርድ የጻፈውን እየበላ በማግሥቱ ስህተቱን ዘርዝሮ ይመልስለታል። ወንዳፈራሁ የተመለሰለትን እየደበቀ ፍራሹ ሥር ሲከምር፣ የመኝታ ጎረቤቱ አገኘበት። ለካ የሁሉም ፍራሽ ሥር እንዲሁ ነው። ከዚያ በኋላ ወረቀታቸውን ዘርግተው አንዱ የሌላውን ስህተት መፈለግ ጀመሩ። አንድ ቀንም ፊቱ በላብ እየተጠመቀ እጁን አውጥቶ መምህሩን አልገባኝም አለው። መምህሩ ሊቆጣው ይቅርና ሌላ ማን እንዳልገባው ጠየቀ፤ ክፍሉ ሁሉ እጁን አወጣ።

"የሚገርመው" አለ ወንዳፈራሁ፣ በነገሩ ጣዕም ዓይነ አፋርነቱ ለቆት፣ "አዋቂ መስለው ዝም ያሉት ናቸው የተባረሩት። እዚያ በገና የሚባረረውን የገና ምሩቅ ነው የሚሉት፣ እኔ እንኳ መጀመሪያ ስሰማ…"

አልጨረሰውም። ጌጡን ቀና ብሎ አየ፤ ከዚያ በቅሎዋን አየ፤ ከዚያ ጫማውን። መንገዱን ቀጠሉ።

"ለማንም አልናገርም" አለ ኋላ።

"ምኑን?"

"ምንም።"

በገና ዕለት ሰው ሁሉ ከቅዳሴ ወጥቶ ሜዳው ላይ ተሰበሰበ። የገናዋ ኳስ እሩር ከመመታቷ በፊት ጓድ ወልደ ጻድቅ ረጅም ንግግር አደረጉና፣ አብዮቱ ጓድ ጌጡን በገና እንደ ላከልን ዛሬም በገና ጓድ ወንዳፈራሁን ልኮልናል፣ የወጣት ማኅበሩን ይረከባል አሉ። ሕዝቡ አጨበጨበ። ወንዳፈራሁን ገፋፍተው አወጡት። መናገር ቢጠላም ዝም ካለ ሹመቱ ሊጸናበት ነው፤ የሚናገርም ከሆነ ጌጡ እዚያው ቆሟል። ድምፁ እንደምንም ወጣ።

"እኔ… ከጥምቀት በኋላ ተመላሽ ነኝ። ትምህርቱ ገና ዓመታት ይቀሩታል።"

"አላለፍህም እንዴ?" አሉ ሊቀመንበሩ፣ ግራ ገብቷቸው።

"አልፌያለሁ። ያለፈ ነው የሚመለሰው።"

ይህን ብሎ ምላሱን የነከሳት ይመስል አፉን ያዘ። መሪጌታ ገብረየሱስ ዕድሜያቸውን ሙሉ ምስጢር ሲተረጉሙ የኖሩ ሰው ናቸው፤ "እንግዲህ ያለፈ የሚመለስ ከሆነ፣ ያልተመለሰ…" ብለው ጀመሩና ጌጡን ሲያዩ ሳል አመጡ። አንድምታውን ግን ሳይነገረው ሁሉም ጨርሶታል።

ሊቀመንበሩ ነገሩን ለማስቀየስ ቶሎ ብለው፣ ለመሆኑ ያ ማሽን ምን ይሠራል አሉት። ወንዳፈራሁም ምሳሌ ፈለገና ጓሳ፣ አገሩ በጋራ የሚያጭደው የሣር ደጋ፣ ትዝ አለው። "ጓሳ ወጥተህ ሣር እጨድ ቢሉት ያጭዳል። ይህን ያህል ሲሆን አቁም ካላሉት ግን አያቆምም። ሣሩ ካለቀ መሬቱን ያጭዳል። ያሉትን ብቻ ነው የሚሠራ፤ ለምን ብሎ አይጠይቅም።"

ጓድ ወልደ ጻድቅ ፊታቸው በራ። "እኛ ያጣነው እንዲህ ያለውን አባል ነው" አሉ። የጓሳ ሣር መቼና ምን ያህል እንደሚታጨድ የሚወስነው የድሮ ሥርዓት ከተሻረ ወዲህ ማን እንዴት እንዳጨደው የሚያውቁ ሽማግሌዎች ወደ መሬት ተመለከቱ።

ጨዋታው ተጀመረ። ታዲያ በገና ጨዋታ ጌታ አይቆጣም፤ ይህን ሕግ አብዮቱም አልሻረውም፣ ወይ ረስቶታል። ረፋዱ ላይ የላይ ሰፈር ልጆች አሸነፉና በትራቸውን እያማቱ፣ እንደ ወጉ በባለሥልጣኑ ሁሉ ፊት እየቆሙ መስደብ ጀመሩ። ጌጡ ዘንድ ሲደርሱ ግጥም አውራጁ ጥቂት አመነታ። ከዚያ አወረደው።

ሁለቱም ከትምህርት በገና ቀን መጡ፣
አንዱ ሊመለስ ነው፣ ምነው ቀረ ጌጡ?

ሜዳው በሳቅ ፈረሰ። ጌጡም ሳቀ፤ ሌላ ምርጫ አልነበረውም። ኪሱ ያለውንም አውጥቶ ሸለማቸው። ወንዳፈራሁ ብቻ አልሳቀም።

ጌጡ በማግሥቱ ማኅተሙን በጨርቅ ጠቅልሎ፣ ካፖርቱን ደርቦ፣ የሚጫንበትን መኪና እያሰበ ወደ ሊቀመንበሩ ሄደ። ጓድ ወልደ ጻድቅ ማኅተሙን አልተቀበሉትም። ከማዕከል ተላከ ብለው ለአውራጃው የጻፉት እሳቸው ናቸው፤ የጌጡ ነገር ውሸት ከሆነ የእሳቸውም ሪፖርት ውሸት ነው።

"በዘፈን ሪፖርት አይታረምም" አሉት። "ሂድና ሥራህን ሥራ።"

በዚህ ዓይነት ጌጡ ጸሐፊ እንደ ሆነ ቀረ። የቀረለት ግን ጠረጴዛው ብቻ ነው። ወንዳፈራሁ ከመሄዱ በፊት አባቱ እንዴት እንዳለፈ አጥብቀው ሲጠይቁት፣ ጋሼ ጌጡ የነገረኝን ሁሉ ገልብጬ፣ ተቃራኒውን ሠርቼ ነው ብሎ አምልጦት ነበር። መሪጌታ ይህን ለንስሐ ልጃቸው አወሩ፣ የንስሐ ልጃቸው ለሚስቱ አወራ፤ ታቦቱ ከጥምቀተ ባሕር ሳይመለስ አገሩ ሁሉ አወቀው።

ጌጡ ከእንግዲህ ምክር የሚፈልግ አይኖርም ብሎ ነበር። በዓመቱ የሸማኔው የኪዳነ ወልድ ልጅ መኳንንት ያው የኮምፒዩተር ትምህርት ደረሰውና፣ አባትና ልጅ ዶሮ አንጠልጥለው ከቢሮው ደጅ ቆሙ። ጌጡ ልጁን አየው፤ ለውትድርና የደረሰ፣ ወገቡ የጠና ልጅ ነው። ከዚህ ቀደም መክሮ የላካቸው ልጆች ፊት በፊቱ አለፈ። የሚደበቅ ነገርም ስላልቀረ፣ በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ እውነተኛ ምክር መከረ።

"አትሸምድድ" አለው። "ነገሩ እስኪገባህ ድረስ አትለፈው። ካልገባህ በዚያው ቀን ጠይቅ፤ ማፈር ያኔ ነው የሚረክሰው፣ ከዋለ ካደረ ይወደዳል። ስህተትህን አትደብቅ፣ ከጓደኞችህ ጋር ዘርግተህ እየው። እኔ ደብቄ ነው የወደቅሁት።"

ኪዳነ ወልድ በየቃሉ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ልጃቸውንም በክርናቸው ጎሸም አደረጉት። አመስግነው ወጡ። ጌጡ ደረቱ ቀለለው። ወዲያው ግን ከአጥሩ ማዶ የአባትየውን ድምፅ ሰማ።

"አንዱንም እንዳትረሳ" ይሉታል። "እንዳለ ሸምድደው ማለቱ ነው። ከቶ እንዳትጠይቅ። ስህተትህንም ለማንም እንዳታሳይ።"

ጌጡ ወንበሩን ገልብጦ ወጣ። ሮጦ ደረሰባቸውና ትንፋሹን እስኪሰበስብ እጃቸውን ያዘ። ሊያስረዳቸው ፈለገ፤ ያን ጊዜ የነገርሁት ሐሰት፣ የዛሬው እውነት ነው ሊላቸው። የኪዳነ ወልድን ዓይን ሲያይ ግን ተወው። ይህንንም ገልብጠው ነው የሚሰሙት።

"ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ተሳስቼ ነው" አለ። "የቅድሙ የሌላ ትምህርት ምክር ነው። ኮምፒዩተር ከሆነማ ይሸምድድ። ባይገባውም ይሸምድድ። ነፍሱ ብትወጣ እንዳይጠይቅ። ስህተቱን ፍራሹ ሥር ይቅበር።"

የኪዳነ ወልድ ፊት በራ። "ይኸው አሁን የምናውቅህ ጓድ ጌጡ መጣህ" አሉና ልጃቸውን ጠቀሱት። መኳንንት ዘወር ብሎ ጌጡን አንድ ጊዜ አየው፤ የገባው ይመስል ነበር።

በገና መኳንንት መጣ፤ እሩር ተጫወተ፤ ከጥምቀት በኋላም ወደ ትምህርቱ ተመለሰ። ልጆቹ ያችን ግጥም በዚያም ዓመት አወረዷት። ጌጡ አብሯቸው አጨበጨበ።