ማንም ያላየው ንክኪ

እና ከረሜላ መላጥም ክልክል ነው ማለት ነው፣ የሳል ከረሜላ እኮ ነው፣ ብስል ኖሮስ ምን ሊለኝ ነበር ይሄ ነጭ ጓንት ያጠለቀ ዳኛ፣ ለቅሶ ቤት እንኳ ሰው ይንሾካሾካል፣ እኛ ከተማ ካሪክ ቅዳሴ መሃል ጎረቤት ስናማ አባ ብሬናን ሰምተው እንዳልሰሙ ያልፉናል፣ እሱ ግን የስኑከር፣ ያው የጠረጴዛ ኳስ፣ ጨዋታ አስቁሞ፣ ዞሮ፣ እኔን፣ የተጫዋቹን የገዛ አክስት፣ እባክዎ እዚያ ጋ ይለኛል፣ እዚያ ጋ፣ ኖሪን የሚባል ስም የሌለኝ ይመስል፣ የዋተርፎርድ ሰው ሁሉ አንገቱን አዙሮ አየኝ፣ የእህቴ ልጅ ፊንታንም ከተጫዋች ወንበሩ ቀና ብሎ አየኝና ከንፈሩን ነከሰ፣ ሳቁን እየዋጠ ነው፣ ሲስቅ ጆሮው ነው የሚቀላው፣ ተወልዶ በፎጣ ተጠቅልሎ ሲሰጡኝም ቀይ ነበረ ያ ጆሮ።

ዝም ብያለሁ። ከረሜላዋ ከነልጣጯ ጉንጬ ውስጥ ናት።

አራት ለአራት። አንድ ዙር ቀረ፣ ይቺን ከበላ ሁለት ዓመት ከፕሮፌሽናሎቹ ጋር ይቆያል፣ ከተበላ የፕሮፌሽናልነት ካርዱን ይነጥቁታል፣ አለቀ፣ ስኑከር ተጫዋች የነበረ ይባላል፣ ነበረ፣ በሃያ ሁለት ዓመቱ ነበረ፣ እናቱ ካርሜል፣ እህቴ፣ ዓይኔ አያይም ብላ መኪና ማቆሚያው ውስጥ መቁጠሪያዋን ይዛ መስታወት ዘግታ ተቀምጣለች፣ እኔ ልነግራት ነው፣ ሁልጊዜ ነጋሪዋ እኔ ነኝ፣ እና ዩጂን፣ ባሌ፣ እዚህ ግራዬ ክርኑን ወንበሬ ላይ የዘረጋው፣ ለልጁ ፋብሪካ ቦታ ይዤለታለሁ ይላል፣ ሥጋ ፋብሪካ የፈረቃ አለቃ ስለሆነ ያገሩን ልጅ ሁሉ ነጭ ጋውን ማልበስ ያምረዋል፣ ማን ያዝልኝ አለህ አንተ ሰውዬ፣ ጠዋት መኪና ውስጥ ነው ደግሞ ያለው፣ ልጁ ከኋላ ተቀምጦ እየሰማ፣ ካልሆነልህ ሰኞ ና፣ ካልሆነልህ፣ ሠርግ ላይ ስለ ፍቺ አይወራም፣ የት አባቱ።

ተነሳ። ፊንታን ተነሳ፣ ተጋጣሚው ዊትል ስቷል፣ ተመስገን፣ ዊትል እንግሊዛዊው፣ ፀጉሩ የሸሸ፣ ውሃ ሲጠጣ እንኳ የሚያስብ፣ ሲጫወት የሚያንቀላፋ ነው የሚመስለው፣ የኔው ግን ተመልከቱልኝ፣ ጠመኔውን በስቲኩ ጫፍ ላይ እንዴት እንደሚያዞራት፣ ቀይ ኳስ ቀዳዳው ውስጥ ገባች፣ ጥቁር ገባች፣ ሌሎቹን የሚመታባትን ነጯን ደግሞ ጠርቷት የመጣች ነው የሚመስለው፣ ቀይ፣ ሰማያዊ፣ እሰይ፣ በሆዴ ነው ያልኩት፣ በሆዴ፣ ዳኛው አላየኝም፣ ቀኜ ላይ ማቲ የሚንት ከረሜላውን ድምፅ ሳያሰማ ይመጥጣል፣ እሱ ጥበቡን ያውቃል፣ ዕድሜውን ሙሉ ካሪክ ላይ ከቁማር ቤቱ በላይ ያለውን የስኑከር ክለብ ይዞ የኖረ ሰው ነው፣ ፊንታንን ያሠለጠነውም እሱ ነው፣ አገጩ ጠረጴዛው ላይ ሳይደርስ ሳጥን ላይ አቁሞ፣ እኔ ነበርኩ ከትምህርት ቤት ወደዚያ የማደርሰው፣ እና ያኔ ሰው ሁሉ፣ ኖሪን፣ ልጁን ለምን የሜዳው የዱላና የኳስ ጨዋታ፣ ሀርሊንግ አታስገቢውም፣ ሀርሊንግ እኮ የወንድ ጨዋታ ነው፣ በዱላ ጥርስ መወላለቅ የወንድ ከሆነ የእህቴ ልጅ ጥርሱ ይቅርለት አልኳቸው፣ ደሜ ይፈላል እስከዛሬ፣ በአሥራ ሰባት ዓመቱ ባሕር ተሻግሮ ሼፊልድ ለልምምድ ብቻውን ሲሄድ ያየው ማነው፣ አንዲት ክፍል፣ ቀኑን ሙሉ መስኮት የሌለው አዳራሽ ውስጥ ያችኑ ኳስ ደጋግሞ መምታት፣ ማታ የቆርቆሮ ባቄላ፣ ስደውልለት ደህና ነኝ አክስቴ፣ ሁልጊዜ ደህና ነው፣ አንዴ በመርከብ ተሻግሬ ላየው ሄድኩ፣ ተመልካቹ እኔና አንድ ሽማግሌ ነን፣ ሽማግሌው ተኝቷል፣ ልጄ ግን ሰደርያውን ቆልፎ ቢራቢሮ ክራቫቱን አስሮ ንግሥት ፊት የቆመ ይመስል ይጫወታል፣ ያንን ያላየ ሰው ስለ ሥራ አያውራኝ፣ ሥራማ እሱ ነው።

ሮዝ ገባች። እየመራ ነው። ማቲ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ ሁለት ኳስ ካስገባ ዊትል አይደርስበትም አለኝ፣ ሁለት፣ ቀጥላ ያለችው ቀይ ደግሞ ቀዳዳው አፍ ላይ ናት፣ እኔም ብሆን፣ ካርሜልም ዓይኗን ጨፍና ብትሆን ታስገባታለች፣ ካርሜልዬ መቁጠሪያሽን ወደ ኪስሽ አስገቢ፣ ጎንበስ አለ፣ ነጯ ራቅ ብላለች፣ በሌላ ቀይ ላይ ተንጠራርቶ፣ አንድ እግሩ ከመሬት ተነስቶ፣ ምታት እንግዲህ፣ ምታት።

አልመታም።

ቀና አለ። እጁን አነሳ። ምንድነው፣ ዓይኑ ውስጥ የሆነ ነገር ገባ እንዴ፣ ዳኛው ጠጋ አለው፣ ፊንታን የሸሚዙን እጀታ እያሳየ አንዲት ነገር አለ፣ ከዚህ ይሰማል፣ ቤቱ ጭጭ ብሏል።

ነክቻታለሁ።

ማንን፣ ማንን ነካህ፣ እጀታው ሥር ያለችው ኳስ የት ሄደች፣ እዚያው አይደለችም እንዴ፣ እኔ ዓይኔን አልነቀልኩም፣ ዳኛው አላየም፣ ዊትል ውሃውን እየጠጣ ነበር፣ ማንም አላየም፣ የእጀታ ጨርቅ፣ ዝንብ ብታርፍባት ከዚያ የበለጠ ትነቃነቃለች፣ ዳኛው ፋውል አለ፣ ልብስም ቢነካት ጥፋት ነው፣ አራት ነጥብ ለዊትል አለ፣ ተራውም የዊትል ሆነ፣ ነጯ እዚያ ተዘጋጅታ፣ ቀይዋ ቀዳዳው አፍ ላይ፣ ማዕድ አቅርቦ ተነሳለት፣ አንተ ልጅ ምን ነካህ፣ ማን ጠየቀህ፣ ወንጀል ሠርተሃል ተብሎ ፖሊስ ሳይጠራህ ጣቢያ ትሄዳለህ፣ ዝም ማለት እኮ ውሸት አይደለም፣ እኔ አሁን ዝም ብዬ የለ፣ ሼፊልድ፣ ባቄላው፣ የተኛው ሽማግሌ፣ ያ ሁሉ ለአንዲት ክር፣ ተቃጠልኩ፣ እና አንዳንዱ ያጨበጭባል፣ ምን ያስጨበጭባል፣ በሰው ሕይወት ነው የሚያጨበጭቡት።

ማቲ ነው። ይሄ ቀኜ ላይ ያለው፣ የሱ ትምህርት ነው፣ ክለቡ ውስጥ ኳስ ነክቶ የደበቀ እስከ ፋሲካ ደረጃውን አይወጣም፣ የፖሊስ አዛዡን ሳይቀር አባሮታል፣ ክርኔን ጎኑ ውስጥ ሰደድኩበት፣ ደስ አለህ፣ ቀስ ብዬ ነው ያልኩት፣ እሱ ግን እኔን አላየም፣ ፊንታንን እያየ ነው፣ ሚንቷን መምጠጥ ትቷል።

ዊትል ያስገባል። ቀይ፣ ጥቁር፣ ያቺን ሌላዋን ቀይ፣ እንደገና ጥቁር፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ እጁን ያዘው ብዬ ጸለይኩ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴ፣ ፊንታን ቀጥ ብሎ ተቀምጧል፣ እጀታውን ሰብስቦ ይዟል፣ ቡኒ፣ ሰማያዊ፣ ሮዝ፣ ጭብጨባ፣ ደርሶበታል፣ አልፎታል፣ ተጨባበጡ።

ተጨባበጡ በቃ።

አሁን አዳራሹ ያለበት ሆቴል በር ላይ ነን፣ ሰው እየተጋፋ ይወጣል፣ ካሜራ የያዘው ዊትልን ተከትሏል፣ እግሬ ወደ መኪና ማቆሚያው እንቢ አለኝ፣ ካርሜልን ምን ብዬ፣ ልጅሽን ማንም አልከሰሰውም ራሱን ከሰሰ ልበላት፣ ሲመጣ ጆሮውን ይዤ ነው የማነጋግረው፣ አፌ ላይ ተደርድሮ ቆሞልኛል፣ ማን አየህ፣ ዝም ብትል ምን ነበረበት፣ ሞኝ፣ እና ዩጂን ኮቱን እየቆለፈ፣ ለማቲ ነው የሚለው፣ ዝም ቢል ምን ነበረበት፣ ማን አየው፣ ሞኝ ልጅ ነው።

ምን አልክ፣ አልኩት።

እውነቴን ነው ኖሪን፣ አንቺስ እንደዚያ አላሰብሽም?

እኔ። እኔ ያሰብኩት ሆዴ ውስጥ ነው፣ ሆዴ ውስጥ ያለ የኔ ነው፣ ካንተ አፍ ሲወጣ ግን እንዴት ያለ ነገር ነው፣ እንዴት ያለ ግም ነገር፣ ሞኝ አልከው፣ አንተ የጎረቤት በግ ጓሮህ ገብታ ስታድር የማን ናት ብለህ ያልጠየቅክ፣ የእህቴን ልጅ፣ አለ የማይባል አንዲት ክር ነክታበት ሁለት ዓመቱን አውጥቶ ጠረጴዛ ላይ ያስቀመጠውን፣ ነክቻታለሁ ሲል ድምፁ አልተንቀጠቀጠም፣ ሰምተሃል፣ እዚህ አገር እንዲህ የሚል ስንት ሰው አለ፣ አንተ ትላለህ እንዴ፣ እኔስ እል ነበር እንዴ፣ አፌ እንደሆነ ተከፍቷል፣ ጠዋት ሙሉ የታፈነው ሁሉ እየመጣ ነው፣ ሻንጣ የሚጎትት ሰውዬ ቆሞ ያየኛል፣ ይየኝ፣ ማቲ ዩጂንን ክንዱን ይዞ ገለል ያደርገዋል፣ ተወው ማቲ፣ ልጨርስለት።

አክስቴ፣ መኪና ማቆሚያው ድረስ ትሰሚያለሽ።

ፊንታን ነው፣ የስቲኩን ሳጥን ትከሻው ላይ አድርጎ፣ ክራቫቱን ፈቶ፣ ዓይኑ ዙሪያ ቀይ፣ ጆሮው ነጭ፣ እንደዚያ ነጭ ሆኖ አይቼው አላውቅም፣ ላቅፈው ስል በአንድ እጁ አቀፈኝና በራሴ ላይ አሻግሮ ለዩጂን፣ ካርዱን ለማስመለስ ማጣሪያው በሰኔ ነው፣ እስከዚያ ቀን ቀን ማቲ ጋ ልለማመድ፣ የማታ ፈረቃ ካለህ ሰኞ እመጣለሁ አለው። ዩጂን መሬት መሬት እያየ፣ ፈረቃ አለልህ አለው። ማቲም፣ ጠዋት በሁለት ሰዓት እከፍትልሃለሁ።

በቃ። ሦስት ወንዶች ቆመው ጨረሱት፣ እና እኔ ይሄን ሁሉ ቁጣ የት ላድርገው፣ ዩጂን እሺ ብሏል፣ ዊትል ደንቡን አልጣሰም፣ ዳኛውም ያው ዳኛ ነው፣ የልጁን እጅ ይዣለሁ፣ እጀታው እዚህ አንጓው ጋ፣ ምንድነው ይሄ፣ ሁለት ጣት ሙሉ ትርፍ ጨርቅ፣ ይንዠረገጋል እኮ፣ ማነው ይሄን የሰፋው፣ ለወፍራም ነው እንዴ የሰፋው፣ መቀስ የለውም፣ ዓይን የለውም፣ ሥራ ነው ይሄ፣ ሸሚዙን አውልቅ፣ እዚሁ አውልቅ፣ ኮት ልበስ፣ ዛሬውኑ ሰፍቼ አጠብበዋለሁ፣ ሌሎቹንም አምጣ፣ ሁሉንም፣ ሰኔ ላይ ከቆዳህ ጋር ነው የሚጣበቁት።