አባቴ በእግሩ የሄደበት ቀን

እንግሊዝ አገር ወደ ዎርስተር ከተማ በሚወርደው የጀልባ ቦይ ላይ ለሽርሽር ስንሄድ የጀልባችንን መሪ ከአባቴ ከክላይቭ በቀር የሚነካው አልነበረም። ጀልባችን ወደ ታችኛው ቦይ እንድትወርድ በሁለት የውሃ በሮች መሃል ቆማ ውሃው ሲጎድል፣ በሮቹን የምትከፍተውና የምትዘጋው እናቴ ሮዌና ከዳር ሆና፣ «ክላይቭ፣ ወደ ፊት ጠጋ በል፣ ከኋላህ ከበሩ ሥር የወጣ ድንጋይ አለ» አለችው።

«አንቺ በርሽን ጠብቂ» አላት ዞር ሳይል።

ወዲያው ውሃው ሲወርድ የጀልባዋ ኋላ ድንጋዩ ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ፤ ፊቷ አዘቀዘቀ። ታናሽ እህቴ ከውስጥ ጮኸች። እናቴ ሮጣ የታችኛውን ውሃ መልቀቂያ ዘጋች፤ የላይኛውን ስትከፍተው ውሃው ተመልሶ ሞላና ጀልባዋ ቀስ ብላ ተነሳች።

«ሰው ፊት እንዲህ ታዋርጂኛለሽ?» አላት አባቴ፣ ዳር ቆመው የሚያዩትን መንገደኞች እያየ።

እናቴ ወደ ጀልባዋ ተጠጋች። «ልጄን ልታሰምጥብኝ ነበር፣ አንተ የምታስበው ስለ ሰው ነው። ውረድና በእግርህ ና።»

መሪውን እሷ ያዘች። አባቴ እስከ ማደሪያችን ድረስ በዝናብ የቦዩን ዳር ይዞ በእግሩ ተከተለን፤ ሻይ እንኳ ያቀበለው አልነበረም።