የቀኙ በር

አባትየው ለዚያች የጭነት መኪና ያላቸውን ፍቅር የሚያውቅ ሰው፣ አሳልፈው ሊሰጧት ነው ሲባል ጆሮውን ባያምን አይፈረድበትም። ሠላሳ ዓመት ነድተዋታል። አሁን ግን ጉልበታቸው ፍሬን መርገጥ እምቢ አለ፤ እምቢ ያለ ጉልበት ደግሞ በልመና አይመለስም። ቅዳሜ አዲሱ ባለቤት ሊረከባት ይመጣል። እሳቸውም፣ «ፊቷን ሳትታጠብ ከቤቴ አትወጣም» አሉ።

ሥራው የወደቀው ልጃቸው ላይ ነው። ልጅቷ ልብስ ሰፊ ናት፤ ጨርቅ በጣቷ ዳብሳ ትለያለች እንጂ መኪና አብርታ አታውቅም። ለመጠየቅ ግን ሰንፋ ስለማታውቅ፣ አባቷ ከልጅነቷ ጀምሮ «መርማሪዋ» ነው የሚሏት።

ወንበር አስወጥተው ግቢው ጥላ ሥር ተቀመጡና በከዘራቸው እያመለከቱ ያዟት ጀመር። መጀመሪያ ከጋቢናው ጣሪያ አንስታ እስከ ፓራውልቱ በሳሙና አጠበች። ከዚያ ደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት ውሃ እየነከረች፣ ፀሐይ ያነጣውንና ቅርንጫፍ የቧጨረውን ሰማያዊ ቀለም በቀስታ ፈተገች።

«አባዬ፣ ጭረት ለማጥፋት መልሶ መጫር ምን የሚሉት ሕክምና ነው?»

«ትልቁን ጭረት በትናንሾቹ ታስበይዋለሽ። ትናንሾቹን ደግሞ ክሬሙ ይበላቸዋል። ዓይን የማያየው ሲሆን፣ ያኔ አበራ ይባላል።»

እውነታቸውን ነው። ነጩን የማብሪያ ክሬም በጨርቅ እያዞረች ስታሸው፣ የደነዘዘው ኮፈን ቀስ በቀስ ሰማዩን ማሳየት ጀመረ። ልጅቷ የራሷን አፍንጫ ኮፈኑ ላይ አይታ ሳቀች። ጥልቅ ጭረት ባለበት ግን ክሬሙ እየገባ ነጭ መስመር ሆኖ ይቀራል።

«እሱን በኋላ በብሩሽ ታወጪዋለሽ» አሉ አባቷ። «ሁሉንም አዳርሺ። ከቀኙ በር በቀር።»

«የቀኙ በር ምን አጠፋ?»

«ሆድ ይፍጀው። አትንኪው አልኩሽ፣ አትንኪው።»

መርማሪ ለተባለ ሰው እንዲህ ያለ ትእዛዝ ከግብዣ አይለይም። በሩ ድሮም ያስገርማት ነበር። ከሌላው አካል የጠቆረ ሰማያዊ ነው፤ ያውም በብሩሽ የተለቀለቀ፣ የብሩሹ ፀጉር ሳይቀር አብሮ የደረቀበት። የተቀባው እሷ የሰባት ዓመት ልጅ ሳለች፣ አያቷ በሞቱበት ሰሞን ነው። አጎቷ ቤታቸው መምጣት ያቆሙትም በዚያው ሰሞን ነው።

አጎቷ የአባቷ ታላቅ ወንድም ናቸው፤ የሱቅ ማስታወቂያ ጸሐፊ። ፊደል ያስቆጠሯት እሳቸው ነበሩ። ለአባቷ ብረት መዝጊያ ነበሩ፣ ሰው ሁሉ የሚቀናበት ወንድም። ዛሬ ሁለት መንገድ ተሻግሮ ነው ቤታቸው፣ ወንድማማቾቹ ግን ዐሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ ሲተላለፉ አንገታቸውን ያዞራሉ። ጎረቤቱ «ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት» እያለ ሊያስታርቅ ሞክሮ ደክሞታል። የጠባቸውን ምክንያት የነገራት የለም። ልጅቷ አጎቷ ይናፍቋታል፤ መንገድ ላይ ጀርባቸውን ስታይ እንኳ እስኪርቁ ድረስ ቆማ ታያቸዋለች።

ቀትር ላይ አባትየው ጋደም ሊሉ ገቡ። የብርጭቆ ወረቀቱ እጇ ላይ ነው፣ ውሃው ባልዲ ውስጥ ነው፣ በሩም እዚያው ቆሟል። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ብላ ጀመረች።

የብሩሹ ቀለም እንደ ቅርፊት ተላጠ። ከሥሩ ነጭ ነገር ብቅ አለ፤ መጀመሪያ «ም»፣ ቀጥሎ «ሳ»። እጇ እየፈጠነ መጣ። «ረ»፣ «ይ»፣ «አ»። በበሩ ቀኝ ግማሽ ላይ፣ ልክ አጎቷ እንደሚጽፉት እግሩ ዘርዘር ያለ ጽሑፍ፦ «አይረሳም»።

«አልኩሽ አይደል» የሚል ድምፅ ከኋላዋ መጣ። አባቷ ከዘራቸውን ተደግፈው ቆመዋል። አልተቆጡም፤ መቆጣት የሰለቸው ሰው ይመስላሉ።

«አባዬ፣ ምንድን ነው ይሄ?»

ወንበራቸውን ስባ አመጣችላቸው። ተቀምጠው ነገሯት። «እናታችን ያረፈች ዕለት ጭነት ይዤ ሩቅ አገር ነበርኩ። ስደርስ ተቀብራለች። ጋሼ አልወቀሰኝም፤ አቅፎኝ አለቀሰ። በማግስቱ ስነሳ ይህን ጽፎ ሄዷል። አይረሳም። እናቱን ያልቀበረ ወንድሙን ዕድሜ ልኩን አይረሳም ማለቱ ነው። ቀለም አምጥቼ ደፈንኩት። እሱም ዳግመኛ አልመጣ፣ እኔም አልጠራሁት።»

ልጅቷ ጽሑፉን አየችው። አንዴ በልቧ፣ አንዴ በአፏ አነበበችው።

«አላልተህ ነው የምታነበው። እስኪ "ረ"ን አጥብቃት።»

«ባጠብቃትስ?»

«አይረሳም። እሱ ቂም ይይዛል ማለት ሳይሆን፣ ነገሩ ከልብ አይጠፋም ማለት ይሆናል። አያቴን ሐኪም ቤት የምታመላልሳት በምን ነበር?»

«በዚህችው ነዋ። በየሳምንቱ፣ ሁለት ዓመት።»

«በየትኛው በር ነበር የምትገባው?»

አባትየው በሩን አዩት። በርጩማ አድርገውላት፣ በብብቷ ደግፈው የሚያስገቧት በቀኙ በር ነበር።

«ይህ ያንቺ አንጀት የወለደው ነው» አሉ በመጨረሻ። «መርማሪ ያለ ማስረጃ አይፈርድም።»

ልጅቷ ማስረጃውን እያየችው ነበር፤ ማለትም ባዶውን። የበሩ ግራ ግማሽ ምንም የለበትም። አጎቷ ወጣት ሳሉ የአንድ ዳቦ ቤት ማስታወቂያ ሲጽፉ ግድግዳው አልቆባቸው «ዳቦ ቤ» ላይ ቀርተዋል፤ ሰፈሩ ዛሬም ቤቱን «ዳቦ ቤ» ነው የሚለው። ከዚያ ወዲህ አጎቷ ጽሑፉን በሙሉ በምስማር ጫፍ ጫር ጫር አድርገው ይነድፉና፣ ቀለሙን ከመጨረሻው ቃል ጀምረው ወደ ኋላ ይመጣሉ። ከተማው ሁሉ የሚስቅበት አሠራር ነው። አባቷም ይስቁበት ነበር።

የግራውን ግማሽ ፈትጋ የብሩሹን ቀለም አነሳች። ክሬሙን በጨርቅ ቀብታ እያዞረች አሸችው። ከዚያ ትርፉን ጠረገች።

ነጩ ክሬም ቀጫጭኖቹ ጭረቶች ውስጥ ገብቶ ቀርቷል። በምስማር የተነደፉ አራት ፊደሎች፣ ነጭ ቀለም ነክቷቸው የማያውቅ፣ ከበሩ ላይ ተነሡ፦ «ውለታህ»።

አባትየው ከዘራቸውን ጥለው በሩን በመዳፋቸው ያዙት። አንድ አንድ እያሉ ፊደሎቹን በጣታቸው ተከተሏቸው። ዓይናቸው ሞላ።

«ዕድሜ ልኬን ብሎን ሳጠብቅ ኖሬ» አሉ፣ «አንዲት ፊደል ማጥበቅ አቃተኝ።» ቆየት ብለውም፣ «ደውይለት» አሏት።

ቁጥሩን መፈለግ አላስፈለጋትም። አጎቷ በጻፉት ማስታወቂያ ሁሉ ግርጌ አለ፤ በየመንገዱ ስታነበው ዐሥራ ስምንት ዓመት በቃሏ ይዛዋለች። ደወለችና ድምፁን ከፍ አድርጋ ስልኩን ለአባቷ ሰጠች።

«ጋሼ፣ እኔ ነኝ።»

አባትየው ፋታ ሳይሰጡ ቀጠሉ።

«የበሩን ጽሑፍ ገና ዛሬ አነበብኩት። ሁለቱንም ቃል። ልጅቷ የምስማርህን ጭረት በማብሪያ ክሬም አነጣችልኝ።»

«ነጭ ቀለም አልቆብኝ ልገዛ ሄጄ ነበር» አሉ አጎቷ፣ ትናንት የሆነ ይመስል። «ስመለስ ደፍነኸዋል። ምስጋናዬን የጠላኸው መሰለኝ።» ቀጥለውም፣ «ከመጨረሻው እንደምጀምር ግን ታውቅ ነበር አይደል?»

«አውቅ ነበር» አሉ አባትየው። «ረሳሁት።»

ልጅቷ በስልኩ ውስጥ የቀለም ቆርቆሮ ክዳን ሲከፈት ሰማች።

«ልጅቷን ክሬሙን እንዳትጠርገው በላት» አሉ አጎቷ። «ቀለሜን ይዤ መጣሁ።»